ጡሩምባ የተነፋለት ፉርሽካ

ቀናው መቀመጥ አይሆንለትም። ወንበር ቢሰጡት ጫፉ ላይ ነው። ሻይ ቢቀዱለት ቆሞ ይጠጣል። ቅዳሴ ላይ እንኳን ሰው ሁሉ መቋሚያውን ተደግፎ ሲያሸልብ እሱ ከዓምድ ወደ ዓምድ ሲዘዋወር ያረፍዳል። ሚስቱ አስካለማርያም «ይሄን ሰውዬ የወለዱት ባቡር ላይ ነው፤ ያውም ሲሄድ!» ትላለች። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ነገሩ ከእውነት ብዙ አይርቅም።

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ታዲያ ለእንዲህ ያለ እግር የሚመች ሥራ አንድ ብቻ አለ፤ የእድር ለፋፊነት። ቀናው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህ ሥራ የእሱ ነው። አባል ሲያርፍ ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባውን ይዞ ይወጣል። በየቅያሱ ጫፍ ቆሞ ይነፋና የሟቹን ስም ጎትቶ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያስረዘመ ይጠራል። ቀብሩ የት ነው፣ በስንት ሰዓት ነው የሚለው ከስሙ በኋላ ነው የሚመጣው። ምክንያቱም ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማን? ስሙ ከተሰማ በቃ፣ ሌላውን የሚያዳምጥ የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ድንኳን ተሸካሚዎቹ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት እየሮጡ፣ ቀናው ሁለተኛው ቅያስ ሳይደርስ ሰፈሩ በእግሩ ቆሟል።

ጡሩምባ ግን ጎጆ አያቆምም። የቀናውን ቤት የምታስተዳድረው ጉሬዛ ናት። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ዲቃላ ላም ናት፤ ዓይኗ ኩል የተኳለ የሚመስል፣ አመለኛ፣ አስካለማርያም ካልሆነች በቀር ጡቷን ለማንም የማታስነካ። የሰኪና ሱቅ ወተት የሚሸጠው ከእሷ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የቤቱ አስቤዛ፣ የቀናው ጫማ ሳይቀር ከእሷ ነው። አሁን ግን ከብዳለች። ወተቷ ነጥፏል፤ የመውለጃዋም ጊዜ እየተቃረበ ነው። ችግሩ ምግቧ ነበር። የፉርሽካውና የፋጉሎው ዋጋ ሽቅብ ወጥቶ አልወርድም ብሏል። ደረቅ ጭድ ብቻ እየበላች የጎኗ አጥንት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተቆጠረ። ሆዷ ሲያድግ እሷ አነሰች።

ሳህሌ የሚባለው የከብት ደላላ ይህን አይቶ ከዱከም ድረስ መመላለስ ጀምሯል። «ጋሽ ቀናው፣ ከነፅንሷ የሚወስዳት ሰው አለኝ። እዚህ ከምትወድቅብህ እዚያ ትኑር። እሁድ መጥቼ ቁርጡን ትነግረኛለህ» ብሎት ሄዷል። ቀናው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

አንድ ተስፋ ብቻ ነበረው። መንግሥት በከተማው ውስጥ ላም ለሚያረቡ ሰዎች መኖ በድጎማ፣ ከገበያው በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ ነው ተብሎ ክረምቱ ሳይገባ ባለላሞቹ በወረዳው ተመዝግበዋል። ቀናውም ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ወረዳው በር ላይ የማይታይበት ቀን የለም። መልሱ ሁሌም «ገና ነው» ነበር። ሰሞኑን ግን በሰፈሩ ጆንያ የጫነ ባጃጅ ሲመላለስ ይታያል፤ ከጆንያው ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ደግሞ ፉርሽካ ነው። ቀናው አንዱን ባጃጅ ሮጦ ሊከተል ሞክሮ አቧራውን ብቻ ጠጥቶ ተመለሰ።

ዓርብ ጠዋት ወረዳው ሲደርስ ሶሊያና ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። የግብርና ባለሙያዋ ሶሊያና ልጅ እግር ናት፤ ሰው ስታናግር የምታፍር የምትመስል፣ የማታፍር ግን።

«እንዴት አደርሽ ልጄ፣ መኖው ደረሰ?»

«ደርሷል እኮ አባባ፤ እየተከፋፈለ ነው።»

«ለማን?»

«ለተጠቃሚዎች።»

«ተጠቃሚዎቹ እነማን ናቸው?»

«ስማቸው ለሕዝብ ይፋ ተደርጓል።»

«እኔ ሕዝብ አይደለሁም እንዴ? አልሰማሁም!»

«ተለጥፏል አባባ።»

«የት?»

ሶሊያና በእስክሪብቶዋ ወደ ኮርኒሱ ጠቆመች። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ።»

ቀናው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። አዳራሹ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ኃላፊው ዘንድ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ያለው ሥልጠና ላይ፣ አዳማ ነው። በመስታወቱ ሲያጮልቅ ከወንበር ጫካ ማዶ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቴምብር የምታክል ነጭ ወረቀት ታየችው። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ በጣቱ መስታወቱን ወለወለ። ቴምብሯ ቴምብር እንደሆነች ቀረች።

ተመልሶ ወረደ። «ልጄ፣ ይፋ ያደረጋችሁት ለወንበሮቹ ነው።»

ሶሊያና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ግራ ቀኝ አየች። ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ነገ ከበላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ሕዝቡ ማን እንደወሰደ ሰምቷል ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። ኃላፊው ደውሎ እንደምንም አሰሚ ብሎኛል። እርስዎ ለፋፊ አይደሉም? ነገ በጠዋት ለሰፈሩ ቢያሰሙልንስ?»

ስሞቹን ከኮምፒውተሯ አትማ ሰጠችው። ቀናው እዚያው ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበ። እንደገና ከታች ወደ ላይ አነበበ፤ ምናልባት በዚያ በኩል ይገኝ እንደሆነ።

«እኔ የለሁበትም።»

«አውቃለሁ። እኔው ነኝ የመዘገብኩዎት። ዝርዝሩ ወደ ላይ ሲሄድ ነበሩበት፤ ሲመለስ የሉበትም። ለምን ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ።»

«ታዲያ እኔ የሌለሁበትን ልለፍፍ?»

«ካልተለፈፈ ማን ይጠይቃል አባባ?»

ቀናው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እየሄደ ስሞቹን ሲያላምጣቸው ዋለ። ሙህሲንን ያውቀዋል፤ ላሞች አሉት። ባለመጋዘኑ ሀብተሚካኤልንም ያውቀዋል፤ ግን በዚያ ከሰው ቁመት በላይ በሆነው ግንብ ጀርባ ላም ይኑር ግመል ማን ያያል? ወይዘሮ ፍቅርተማርያምስ? ሌሎቹስ? ቤት ሲገባም ከምድጃው ወደ በር፣ ከበሩ ወደ ጋጣ ተመላለሰ።

«የሌለሁበትን ድግስ እኔ ልጥራ? ንገሪኝ እስቲ!»

«ጥራ» አለች አስካለማርያም። «ወይም አትጥራ። ብቻ እባክህ ተቀመጥ፤ ላሟን አዞርካት!»

ጉሬዛ እውነትም ጭንቅላቷን ከእሱ ጋር ወዲያና ወዲህ ታመላልስ ነበር። ቀናው የጎኗን አጥንት አየ፤ ያን ጊዜ ቆረጠ። ይለፍፋል። ሰው ይስማው፤ ከሰማ በኋላ የሚሆነው ይሁን።

እንግዲህ ሶሊያና «በጠዋት» ስትል ሰው ቁርሱን በልቶ፣ ሱቅ ተከፍቶ ማለቷ ነበር። ቀናው ግን በሕይወቱ የሚያውቀው የጡሩምባ ጠዋት አንድ ብቻ ነው፤ ውሻ እንኳን ያልነቃበት። ሌላ ሰዓት ሊኖር ይችላል ብሎ አላሰበም። ወጣ፤ የመጀመሪያው ቅያስ ጫፍ ቆመ፤ ነፋ። ከዚያም እንደለመደው ስሙን አስቀደመ።

«አቶ ሀብተሚካኤል ወልደጻድቅ!»

አንድ መስኮት በራ።

«ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ይልማ!»

«እግዚኦ! ሁለቱም?» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ።

«አቶ ሙህሲን ሽፋ!»

«ኧረ በስመአብ!» በር ተበረገደ። «ሰዎች፣ ተነሱ! አንድ መኪና ሙሉ ሰው አልቋል!»

ቀናው አልሰማም። እየተራመደ ቀጣዩን ስም ጠራ፤ ቀጣዩን፤ ቀጣዩን። ከሁሉም በኋላ፣ ልክ የቀብሩን ሰዓት በሚናገርበት ቦታ፣ «ከላይ ስማቸው የተጠራው የመንግሥት የመኖ ድጎማ ተጠቃሚዎች ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ይህን የሰሙ ሦስት ውሾች ናቸው። ሰው ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ነበር። ሚኒባስ ነው የተገለበጠው የሚለው ወሬ ቀናውን ቀድሞት ሁለት ሰፈር አልፏል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ከሠርግ ሲመለሱ ነው የሚል ተጨምሮበታል።

ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም የእድሩ ድንኳን በስድስት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በፊቱ አለፈ። ከኋላው ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ይሮጣሉ። ቀናው ክው አለ።

«ማን ሞተ?»

ድንኳን ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ከፊት ያለው ዞር ብሎ አፈጠጠበት። «አንተ ነህ እኛን የምትጠይቀን?»

ቀናው ነገሩ እስኪገባው ድረስ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት። ሲገባው ግን ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ወትፎ፣ በዕድሜው ሮጦ በማያውቀው ሩጫ ተፈተለከ።

ዘግይቷል። ለለቅሶ ሲሆን የሀብተሚካኤልም ረጅም ግንብ በር ይከፈታል። ዘበኛው የጩኸቱን ብዛት ሲሰማ ራሱም እያለቀሰ ወለል አድርጎታል። ግቢው በሰው ተጨናንቋል። ከፊት የምትመራው ወርቅውሃ ናት። ወርቅውሃ የእድሩ ሴቶች ሰብሳቢ ናት፤ ሁለት ላሞች አሏት፤ እሷም እንደ ቀናው ተመዝግባ፣ እንደ ቀናው «ገና ነው» ስትባል የከረመች። «ወንድሜን! ትናንት አይቼው! ወንድሜን!» እያለች ስታለቅስ የሳሎኑ በር ተከፈተና ሟቹ ሀብተሚካኤል በፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንደሰካ ብቅ አለ።

አንዲት ሴት ተዝለፈለፈች። ሌሎቹ አማተቡ።

«ምንድነው?» አለ ሀብተሚካኤል አረፋውን እየተፋ። «ማነው የሞተው?»

«አንተ!» አለችው ወርቅውሃ።

«እኔ?»

«ጡሩምባ ተነፍቶብሃል እኮ!»

«ማነው የነፋብኝ?»

ያን ጊዜ ቀናው እያለከለከ ደረሰ። «የሞተ የለም! ጎበዝ፣ የሞተ የለም! የድጎማ መኖ የወሰዱ ሰዎች ስም ነው! ለሕዝብ ይፋ ይሁን ተብሎ ነው!»

ወርቅውሃ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አፍንጫዋንም ጠረገች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ግቢውን ዞር ዞር ብላ ቃኘች። አብረቅራቂ ሴራሚክ። የአበባ ማስቀመጫ። የታጠበች መኪና።

«የመኖ?» አለች። «የላም መኖ?»

«የላም» አለ ቀናው።

«ወንድሜ ሀብተሚካኤል፣ እንኳንም በሕይወት ኖርክልን። ላምህ የት ናት?»

«ላሟ... ላሟ እዚህ አይደለችም።»

«ሴራሚኩ ያንሸራትታታል?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በረንዳውን ዞሮ ድንኳን ተሸካሚዎቹ ጋር ደረሰ። «ቁርጭምጭሚቷ ይሰበራል እንጂ!» አለ አንዱ። «ኧረ ካልሲ አልብሷት ይሆናል!» አለ ሌላው። ከኋላ የቆመው ግን «መጋዘኑን እዩት!» ብሎ ጮኸ። የመጋዘኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ለሽያጭ የተዘጋጀ፣ በገበያ ዋጋ ለነወርቅውሃ ተመልሶ የሚሸጥ ፉርሽካ።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው ለቅሶ አልሆነም። ሕዝቡ ከእነ ድንኳኑ ተነስቶ ስሙ በተጠራ ሰው ቤት ሁሉ መዞር ጀመረ፤ ሊያለቅስ ሳይሆን ላም ሊያይ። የወይዘሮ ፍቅርተማርያም ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «እሜቴ፣ ላሚቱ ደረጃውን ትወጣለች ወይስ በገመድ ነው የምትጎተተው?» ብለው ከታች ጮኹባት፤ መጋረጃዋን ዘጋች። ሙህሲን ግን እበት መዛቂያውን እንደያዘ ወጥቶ «እኔ ሞቻለሁ አሉኝ? ግቡ፣ ሳልቀበር ላሞቼን እዩልኝ!» ብሎ በሩን ከፈተ፤ ላሞቹም ነበሩ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ላም ስላላቸው ተጨብጭቦላቸው የሚያውቁ ሰዎች ብዙ አይመስለኝም።

ረፋዱ ላይ ሰልፉ ወረዳው ግቢ ደረሰ። የገምጋሚዎቹ መኪና ቆሟል። ኃላፊውም ከአዳማ ሲበር መጥቷል፤ ቀናውን ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ማነው ጡሩምባ ንፋ ያለህ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሶሊያና ከደረጃው ላይ። «ለሕዝብ ይፋ ይሁን አልተባለም? ይኸው፣ ይፋ ሆነ።»

ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላና ድንኳኑን ግራ ተጋብታ አየች። «ሕዝቡ ስለ ድጎማው ሰምቷል?»

«ሰምቷል!» አለች ወርቅውሃ። «ደረታችንን እየደቃን ነው የሰማነው!»

ሴትዮዋ ነገሩን ከሥሩ ስትሰማ አልሳቀችም። ገምጋሚዎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፤ ስልክ ተደወለ። የቀረው መኖ ባለበት እንዲቆም አዘዘች። ከዚያም ሶሊያናን መጀመሪያ የመዘገበቻቸውን ሁሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ በሕዝቡ ፊት፣ ከነላማቸው ብዛት እንድታነብ አደረገቻት። ላሙን የሚያውቅ ጎረቤት ይመሰክራል፤ የሚጠራጠር ይጠይቃል። ቀናው ደስታው እግሩን አላስቆም ብሎት ከሰው ወደ ሰው እየተሽሎከሎከ «ስሙ! አዳምጡ! ዝም በሉ!» ይላል። ማንም ለፋፊ አላደረገውም፤ እሱ ግን ሆነ። ወርቅውሃ ተጠራች፤ ሁለት ላም፤ ሁሉም መሰከረ። ሌሎችም ተጠሩ።

«አቶ ቀናው ይርዳው። ሁለት ላም።»

ቀናው ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሁለት?» አለች ወርቅውሃ። «ቀናው፣ ጉሬዛን አውቃለሁ። ሁለተኛዋ የት አለች?»

ግቢው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ክረምት ሊገባ ሲል ሲመዘገብ፣ እስክሪብቶው ሶሊያና እጅ ላይ እያለ፣ የጉሬዛን ሆድ አስቦ «ሁለት» ማለቱ ትዝ አለው። ያን ጊዜ ውሸት አልመሰለውም ነበር። አሁን ግን የሀብተሚካኤል ሴራሚክ ከእግሩ ሥር የተነጠፈ መሰለው።

«ሆዷ ውስጥ ናት» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ድንኳን ተሸካሚዎቹ ድንኳኑ ላይ ወደቁ። ኃላፊው ግን አልሳቀም፤ ዕድሉን አገኘ። «ይኸውላችሁ! ሌላውን ሲያጋልጥ የዋለው ራሱ አጭበርባሪ ነው። ይሰረዝ!»

ነገ እሁድ ነው። ሳህሌ ነገ ይመጣል።

መነጽር ያደረገችው ሴት ወደ ሕዝቡ ዞረች። «አንዷስ? አንዷን የሚመሰክር አለ?»

ወርቅውሃ ቀናውን ከላይ እስከ ታች ገላመጠችው። ጠዋት በከንቱ ያፈሰሰችው እንባ ገና አልደረቀም። «ጉሬዛ አለች» አለች በመጨረሻ። «አጥንቷ እየተቆጠረ ነው። ለእሷ ይሰጠው። ያቺኛዋ ተወልዳ፣ አድጋ፣ በራሷ እግር መጥታ ትመዝገብ።»

«አለች! አለች!» አለ ሕዝቡ።

ሶሊያና ሁለቱን ሰርዛ አንድ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ቀናው የአንድ ላም መኖውን በጋሪ እየገፋ ወደ ቤቱ ሄደ። እንዲህ ዓይነት ረጅም መንገድ አይቶ አያውቅም። ሰኪና ከሱቋ ደጅ «ጋሼ፣ ስንት ደረሰዎት? የስንት ላም?» አለችው። «የአንድ!» አለ። ልብስ ሰፊው ጠየቀው፤ ጋራዡ ጠየቀው፤ በማያውቀው ሚኒባስ መስኮት አንዱ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ የሆድ ውስጧስ?» ብሎ አላገጠበት። ለሁሉም መለሰ። ፊቱ እየቀላ፣ እየተቆጣ፣ መጨረሻ ላይ ራሱም እየሳቀ መለሰ።

በነጋታው ሳህሌ መጣ። ቀናው በር ላይ ጠበቀው። «አልሸጥም» አለው። ሳህሌ በትከሻው አሻግሮ አየ፤ ጉሬዛ አፍንጫዋን ፉርሽካው ውስጥ እስከ ዓይኗ ቀብራ ስታላምጥ ጆሮዎቿ እንኳን አልተንቀሳቀሱም። ደላላው ዞሮ ወደ ዱከም ተመለሰ።

ቀናው ግን አሁንም አልተቀመጠም። ያን ሳምንት ሰው አላስቀመጠውም። ስሙ በአደባባይ የተጠራን ሰው ላም ማየት መብታችን ነው ብሎ ሰፈሩ በሙሉ ተራ በተራ በሩን ያንኳኳል። ሙህሲን መጣ፤ ወርቅውሃ ሁለቴ መጣች፤ ላም አይቶ የማያውቀው የጋራዡ ሰውም መጣ። አስካለማርያም «ቤቴን ሙዚየም አደረግኸው!» ብላ ስታማርር እሱ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ በዚያ ቅያስ በሚያስተጋባ ድምፁ ይጣራል።

«ግቡ! እዩ! አንድ ናት!»